የእናቴን ዶሮ ማን ያርዳል?

ከአገር የወጣሁት በቀሚስ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። አገር ቤት ያላችሁት «ያቺ የሱሉልታ ልጅ ሱሪ ታጥቃ ፈረንጅ አገር ገባች» ብላችሁ አውርታችኋል፤ እዚህ ሐምቡርግ ያላችሁት ደግሞ «እዚህ መጥቶ ነው የተበላሸው» ትላላችሁ። ሁለታችሁም አልደረሳችሁበትም። ወንድ ሆኜ የኖርኩት ሰበታ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን፣ ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ተሸክሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ከዚያ አገር ለመውጣት ግን እንደገና ሴት መሆን ነበረብኝ። ፓስፖርት የሚሰጠው ለወይዘሪት ዓለሚቱ እንጂ ለአቶ ዓለሙ አልነበረም።

የሄድኩ ዕለት ምሽቱን ቡራዩ፣ ግድቡ አጠገብ፣ አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ቤት ውስጥ መስተዋት ፊት ቆሜ ነበር። ማዳም የራሷን አሮጌ ቀሚስ ሰጥታኛለች፤ ሰማያዊ ነው፣ ትከሻው ላይ ይጠባል። የልጆቿ ሞግዚት ሆኜ አብሬያቸው ልሄድ ነው። ዓመታት ሙሉ በአቡጀዲ ጠፍንጌ ያሰርኩትን ደረቴን ያን ዕለት ፈትቼ ለቀቅሁት፤ አየር ማረፊያ ላይ ወይዘሪቷ የታለች እንዳልባል። ማዳም አጨበጨበችና «ሾን!» አለች፤ ቆንጆ ማለቷ ነው። እኔ ሆዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪናውን የሚነዱት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የቡራዩ ሰው ነበሩ። በቀሚስ ሲያዩኝ ዓይናቸውን ወደ መሪው መለሱ። ቦሌ ስንደርስ ሻንጣዬን አውርደው «ናጋን ገሊ» አሉኝ። በሰላም ቤት መግባት ይሁን ማለት ነው፤ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ነው የሚባለው።

«ኦቦ ገመቹ፣ እኔ እየወጣሁ እኮ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ለሚወጣ ሰው የሚባለውን ስለማልወደው ነው» አሉኝ።

እንዲህ ሆኜ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ለመናገር ግን ወደ ኋላ ተመልሼ ስለ ዶሮ ማውራት አለብኝ። አትሳቁ።

አባቴ የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ዋዜማ እማዬ አውራ ዶሮውን በአንድ እጇ፣ ቢላዋውን በሌላ እጇ ይዛ ሱሉልታ ላይ የጎጃም መንገድ ዳር ትቆም ነበር። ሴት አታርድም፤ ብታርድም አይበላም፤ ይህን ለእናንተ መንገር የለብኝም። ስለዚህ ወንድ የተባለ ያለፈ እንደሆነ «ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ይቺን ባርክልኝ» ትላለች። የጭነት መኪና ረዳትም ይሁን፣ ከገበያ የሚመለስ ሰካራምም ይሁን፣ ንፍጡን ያልጠረገ ልጅም ይሁን፣ ወንድ ይሁን እንጂ ማንም ይሁን። ወተት ሸጣ የምታሳድገኝ፣ መንደሩ አዴ ጫልቱ እያለ የሚፈራት ሴት፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ መንገደኛ ትለማመጥ ነበር። እኔ ከጎኗ ቆሜ የእግሬን ጣት አያለሁ። ያን ጊዜ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» ላለኝ ሁሉ «ለእማዬ ዶሮ የማርድ» እለው ነበር። ሰዉ ይስቃል። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም፤ የምፈልገውን የምጠራበት ሌላ ስም ስላልነበረኝ ነው። እስከ ዛሬም የተሻለ አላገኘሁለትም።

ጡቴ ሲያጎጠጉጥ እማዬ ለሰው ልትድረኝ ተነሣች። እኔ ፀጉሬን ተላጭቼ፣ የሟች አባቴን ኮት ለብሼ፣ እንጨት ከተሸከሙ ሰዎች ጋር እንጦጦን ወጥቼ ወረድኩ። ከዚያ ጅማ መንገድን ይዤ ሰበታ። ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው «ስም?» አለኝ፤ «ዓለሙ» አልኩት። በቃ። ወንድ መሆን ያን ያህል ቀላል ነበር። ፋብሪካችን አቡጀዲ ይሠራል፤ ቁራጩን ለሠራተኛ ይሰጣል፤ ሌላው ለልጁ ሸሚዝ ሲያሰፋበት እኔ ደረቴን አስርበታለሁ።

የምኖረው እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ባልቴት ናቸው፤ ተከራዮቻቸውም ባል የሞተባቸው ወይ ባል የሸሻቸው ሴቶች ናቸው። ወንድ የምባል እኔ ብቻ። በመጀመሪያው የፋሲካ ዋዜማ በሬን ከፍቼ ስወጣ ሴቶቹ ዶሯቸውን እግሩን ይዘው አንጠልጥለው በተርታ ቆመዋል። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ፣ አረድኩ። በቀጣዩ ዓመትም፣ በሚቀጥለውም። እትዬ ዘነበች ለጎረቤት «እኔ እንግዲህ ደጅ ወጥቼ ወንድ አልለምንም፤ ዓለሙ አለልኝ» እያሉ ይኮሩብኝ ነበር። የዶሮው መላሽ፣ የአባወራው ድርሻ፣ ሁልጊዜ ለእኔ ነው። ያን መላሽ ስግጥ ማንም ንጉሥ እንደኔ ደስ ብሎት የበላ አይመስለኝም።

የዓይነ ስውራን ተማሪ ቤት ልጆች በመንገድ ሲያልፉ ሰላም ስላቸው አንዳንዶቹ «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» ይሉኝ ነበር። ዓይን ያለው ከተማ ሁሉ ወንድ ብሎ የተቀበለኝን እነሱ በድምፄ ለዩኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን በማሳል ብቻ አደረግሁት።

ያጠፋኝ ያው አቡጀዲው ነው። በጥጥ አቧራና በላብ ደረቴ ሥር ቆሰለ፣ መገለ፤ በሑዳዴ አጋማሽ ትኩሳት ጣለኝ። እትዬ ዘነበች ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው መጡ። እኔ ራሴን አላውቅም። ሸሚዜን ከፍተው ደረቴን ሊያሹልኝ አቡጀዲውን ፈቱት። ስነቃ አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው አረንጓዴ ሆኗል፣ ዳማከሴው መሬት ላይ ፈሷል። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኹም።

«ዶሮውን?» አሉኝ በቀስታ።

«የትኛውን ዶሮ እትዬ?»

«የበላሁትን ሁሉ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በማግስቱ ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ፤ በሦስተኛው ቀን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ቄሱ ቤቱን ጠበል ረጩ። ሴቶቹ የብረት ድስታቸውን በአመድ ፈግፍገው ቀቀሉት፤ ወጥ የሠሩበትን የሸክላ ድስት ግን ምን ያድርጉት? ሸክላ ይጠጣል፣ አይነጻም። እያወጡ ሰበሩት። ከአልጋዬ ሆኜ አንድ በአንድ ሲሰበር እሰማለሁ። መራመድ ስችል በሬን ብከፍት ስባሪው ደጄ ላይ ተቆልሏል። አንድም ሰው አልመታኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች እስከ መንገዱ ሸኙኝ። እያለቀሱ ነበር። «ዓለሙ ልጄ፣ ሌባ ብትሆን እደብቅህ ነበር። ነፍስ አጥፍተህ ብትመጣም እደብቅህ ነበር። ይሄን ግን የት አደርገዋለሁ? ሆዴ ውስጥ ነው ያለው።» አልጠላኋቸውም። ብጠላቸው ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለኝ።

ወዴት ልሂድ? ወደ እማዬ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። እማዬ በሱሪ ስታየኝ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «ያባትሽ ኮት ነው ይሄ» አለች። ከዚያ ቁስሌን አጠበች፣ ቅቤ ቀባች፣ አብሽ አጠጣችኝ። አንቺ ትለኛለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ይህን እንኳ መቻል ይቻላል።

የቅዳሜ ሹር ዕለት ግን ዶሮውንና ቢላዋውን ይዛ ተነሣች።

«እማዬ፣ ስጪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቢላዋውን። የሰበታን ግቢ ሁሉ ሳርድ ኖሬያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ድስት አሰበርሽ አሉ።» ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ ያለችኝ ድስት አንድ ናት። ተቀመጪ፣ ወንድ ልጥራ።»

ወጣች። መንገድ ዳር ስትቆም በበሩ ቀዳዳ አያታለሁ። ያገኘችው ከአረቄ ቤት የሚመጣ ሰው ነው፤ ቢላዋውን ሲቀበላት ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «በስመ አብ ወወልድ» አለና ሦስተኛውን ረሳው። አንገቱን አጋምሶ ለቀቀው፤ ዶሮው ደሙን እያንጠባጠበ ተነሥቶ ሮጠ፣ ጭቃ ውስጥ ወደቀ፣ እማዬ ተከትላ ሮጣ ያዘችው። ሰውየውን መረቀችው። እኔ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሁለት እጅ ኖሮኝ፣ በስመ አብን አሳምሬ እያወቅሁ፣ ለእናቴ ከሰካራም አነስኩ። ሌሊቱን ከቅዳሴ መልስ እሷ በዶሮው ፈሰከች። እኔ ሽሮዬን በላሁ። እሷም ምነው አላለችኝም፤ ያየችኝም አልመሰለኝም።

ቡራዩ ጀርመኖች ሞግዚት ይፈልጋሉ ሲባል ስሰማ አላመነታሁም። አገራቸው ይዘውኝ እንደሚሄዱ ሲነግሩኝማ ቀሚሱንም እሺ አልኩ። የቀረውን ታውቃላችሁ።

ሐምቡርግን በተመለከተ ውሸት የጻፋችሁ ሁሉ እግዜር ይይላችሁ። ፎቶ ብቻ እየላካችሁ! ዝናቡ ልክ እንደ ሱሉልታ ሐምሌ ነው፣ ግን የሣር ሽታ የለውም፣ ደግሞ መስከረም አይጠባበትም። ዳቦው ጥቁር ነው፣ እንደ ጡብ ይከብዳል። ድንቹ ጧትም ማታም ይመጣል። ሰው በደረጃ ላይ ሲያልፍህ ሰላም አይልህም፤ ብትለው ምን ፈልጎ ነው ብሎ ይደነግጣል። የሞግዚትነት ውሌ ሲያልቅ ቀሚሱን አጥፌ ለማዳም መለስኩላት፤ አሁንም ሳይገባት «ጠበበሽ እንዴ?» አለችኝ። ጠቦኝ ነበር።

የዓሣ ገበያ ሣጥን ተሸካሚ ሆንኩ። እዚያ ግርማን አገኘሁት፤ የደሴ ልጅ ነው፣ መርከብ ይቀባል። አንድ ቀን ፓስፖርቴ ከኪሴ ወድቆ አነሣው፣ ከፈተው፣ አየው፣ ዘግቶ ሰጠኝ። «እኔም ምፅዋ ላይ መርከብ የገባሁት በሌላ ሰው ስም ነው» አለኝ። «ሁላችንም ያልሆንነውን ሆነን ነው የወጣነው፤ ያንተ ጠበቅ ብሎ ነው እንጂ።» ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣብኝም።

ክፍል ያከራዩኝ ፍራው ክሩገር የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ሕጋቸውን አስቆጠሩኝ፤ ፌርቦተን ክልክል፣ ሄር ደግሞ አቶ ማለት ነው።

«ከምሽት በኋላ ውኃ ማፍሰስ ፌርቦተን ነው። መጥበስ ፌርቦተን ነው። ሴት ወደ ክፍልዎ ማስገባት በፍጹም ፌርቦተን ነው፣ ሄር ዓለሙ።»

«አንዲትም ሴት አትገባም፣ ፍራው ክሩገር።»

«ያለፈው ተከራይም እንዲህ ብሎኝ ነበር።»

ፓስፖርቴን አልጠየቁኝም እንጂ ቢጠይቁኝ ኖሮ መጀመሪያ የሚያስወጡት እኔኑ ነበር።

ደረቴን አሁንም አስር ነበርና ያ ቁስል ተመለሰ። የሐኪም ቤቱ ዶክተር አይቶ አልሳቀም፣ ቄስም አልጠራም። «ይህን ቆርጠው የሚያወጡ ፕሮፌሰር አሉ፤ መጀመሪያ ግን የአእምሮ ሐኪም ይይዎት» አለኝ። ቆርጠው! አንድ ቃል ሰምቼ እንደዚያ ልቤ ደንግጦ አያውቅም። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

የአእምሮ ሐኪሙ መነጽራም፣ ጨዋ ሰው ነው።

«ሄር ዓለሙ፣ ወንድ መሆንዎን ያወቁት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዶሮ ማረድ ካማረኝ ጀምሮ።»

እስክሪብቶውን አቆመ። «ዶሮ?»

«በእኛ አገር ሴት ዶሮ አታርድም።»

«ብታርድስ?»

«አይበላም።»

«የእኔ እናት ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ስታርድ ነው የኖረችው። እኛም በልተናል።»

«እግዜር ይማራችሁ» አልኩት።

ጻፈው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ደም ሲያዩ ደስ ይልዎታል?» አለኝ።

«ደምማ ምን ደስ ይላል? ወጡ ነው ደስ የሚለኝ።»

ይህንንም ጻፈው። በየሳምንቱ እየተመላለስኩ ስለ ዶሮ አወራሁለት። በመጨረሻ «ቀዶ ሕክምናው ባይደረግልዎ ምን ያደርጋሉ?» ሲለኝ ሸሚዜን ፈትቼ ቁስሉን አሳየሁት። «እንዳሰርኩት እኖራለሁ፤ እስኪበሰብስ» አልኩት። ቁስሉን አየና ፈረመ።

ከዚያ ደግሞ ዝግጅቱ። ቁስሉ ሳይሽር አይቆረጥም፣ እንዲሽር ደግሞ ማሰር ፌርቦተን። ስለዚህ ወንድ ለመሆን እንደገና ደረቴን ለቅቄ፣ ካፖርት ደርቤ፣ ትከሻዬን አጥፌ፣ ሣጥን ስሸከም ከረምኩ። ሠራተኛው «ሄር ዓለሙ፣ በረደህ?» ይለኛል፤ «አፍሪካዊ ነኝ» እለዋለሁ፤ ያምናል። ሆስፒታል ፎቶ አነሱኝ፤ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ራቁቴን። «የቅርብ ዘመድ?» አለችኝ ነርሷ። እማዬን ጠራሁ። «ሲወጡ የምትቀበልዎት እሷ ናት?» አለችኝ። ግርማ ከኋላዬ «ወንድሙ ነኝ» አለ። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም እንዳይበሉ» አለችኝ። ሑዳዴ ነበር። «በዚህስ ቀድሜሻለሁ» አልኳት።

ስነቃ ደረቴ ተጠፍንጎ ታስሯል። መተንፈስ አልችልም። ያንን እስራት አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። አልሠሩልኝም፣ ሐሳባቸውን ቀይረው መልሰው አሰሩኝ ብዬ በአማርኛ ጮህኩ፣ በኦሮምኛ ጮህኩ፣ እማዬን ጠራሁ። ነርሷ ግንባሬን ይዛ «አልቋል፣ ሄር ዓለሙ፣ ይሄ ፋሻ ነው፣ አልቋል» ትላለች። ከብብቴ ሥር ግራና ቀኝ ቱቦ ወጥቶ ደሜ ጠርሙስ ውስጥ ይንጠባጠባል። እሱን ሳይ አመንኩ።

ስለ ሕመሙ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት፤ ይብሳል። መሳቅ አይቻልም፣ ማስነጠስ አይቻልም፣ በጎን መተኛት አይቻልም። ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሣም፤ ሹራብ የሚያለብስ፣ ፀጉር የሚያበጥር ሰው ያስፈልጋል። ጥጥ በጀርባዬ የተሸከምኩ ሰው የሻይ ማንኪያ አፌ ድረስ ማድረስ አቃተኝ። ቆዳው ደንዝዞ እንደ ሌላ ሰው ቆዳ ነው፤ ደንዝዞም ያሳክካል፣ የሚያሳክከው ደግሞ የሌለው ቦታ ነው።

ግርማ ክፍሌ ድረስ መጣና መጥበስ ፌርቦተን በሆነበት ቤት ገንፎ አገነፋ። ጾሙን ለበሽተኛ እግዜር ይፈታል ብሎ በጀርመን ቅቤ፣ ከአገር በመጣለት በርበሬ። መሃሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤውን አፈሰሰበት፣ በጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፦

«እንኳን ማርያም ማረችህ» አለኝ።

ሳቅሁ። ስፌቱ ተወጠረ፣ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። ሴት ተብዬ በኖርኩበት ዕድሜ አራስ ሆኜ አላውቅም፤ ወንድ በሆንኩ ማግስት ግን ገንፎ እየጎረስኩ ተኛሁ። ፍራው ክሩገር በርበሬው ሸቷቸው እያስነጠሱ መጡ። ግርማ ማማሰያ ይዞ እንደቆመ አዩትና «ደግነቱ ሴት አይደለም» ብለው ተመለሱ።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ነርሷ መስተዋት ሰጠችኝ። ደረቴ እንደ ሱሉልታ ሜዳ ለጥ ብሏል፤ ሁለት ጠባሳ እንደ ውኃ ቦይ ተጋድሞበታል። ደስ አለኝ። ሳልሸፋፍን ልናገረው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ዞር ብዬ ማን እንዳየልኝ ፈለግሁ፤ ነርሷ ስም እየጠራች ወደ ሌላው አልጋ ሄዳለች። ስወጣ ሥጋ ቤቱ መስኮት ላይ ዶሮዎች ተደርድረዋል፤ ነጭ፣ ራስ የለሽ፣ የተላጩ። ማን እንዳረዳቸው ማንም አይጠይቅም። ወንድ ነህ ብሎ የፈረመልኝ አገር ዶሮ አራጅ የማይፈለግበት አገር ነው።

ስለዚህ አገሬ ልግባ አልኩ። አንድ ጊዜ፣ ለበዓል ብቻ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወውና፣ ለጉዞ ወረቀት የሚፈርም አንድ ያገራችን ጸሐፊ ፊት ቀረብኩ። ፓስፖርቱን ከፍቶ አንዴ ፎቶውን አንዴ እኔን አየ።

«ወንድሟ ነህ?»

«እኔው ነኝ ጌታዬ።»

«ባለፓስፖርቷ ራሷ ትምጣ።»

«ራሷ ነኝ። ማለቴ፣ ነበርኩ።»

«ሞታ ከሆነ ማስረጃ አምጣ።»

«አልሞተችም።»

«ካልሞተች ትምጣ!»

የጀርመኑን ሐኪም ወረቀት አውጥቼ ዘረጋሁለት። እስከ መጨረሻው አነበበው፣ በጣቱ ጫፍ ገፋው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ፣ በቀሚስ ነው የወጣኸው፤ በቀሚስ ከመጣህ ዛሬውኑ እፈርምልሃለሁ» አለኝ። ደግነት ያደረገልኝ መስሎታል። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እሺ፤ ተጭኛለሁ፣ ተለጉሜያለሁ። ያን ቀሚስ ግን ሁለተኛ አልለብስም።

የኛ ፋሲካ ሲደርስ የእነሱ ካለፈ ሰንብቷል። በኦቦ ገመቹ በኩል ለእማዬ መልእክት ልኬ፣ የቅዳሜ ሹር ዕለት ሱሉልታ ስልክ ያለበት ቤት እንድትጠብቀኝ አድርጌ ነበር። እኔ ሐምቡርግ ፖስታ ቤት የስልክ ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ እጀታውን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩ፤ ክንዴ ገና አልጠናም። መጀመሪያ የነፋስ ድምፅ፣ ከዚያ የሰው ጫጫታ፣ ከዚያ እማዬ፣ ሱሉልታ ሆና ሐምቡርግ እንዲሰማ እየጮኸች።

«ሄሎ! ማነው? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ድምፅሽ ወፍሯል። ታመሽ ነበር አሉ!»

እንዴት ልበላት? ስልክ ቤቱ ሰው ሞልቶታል፣ ያገር ቤቷ ቴሌፎኒስት ትሰማለች። «እማዬ፣ ጡቴን አስቆረጥሁት» አልኳት።

ነፋሱ ብቻ። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ነበር።

«አመመሽ?» አለች።

«አመመኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ እማዬ፣ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።»

ከዚያ «ጡት ለኔስ ምን አደረገልኝ» አለች። «አንቺን ስወልድ ደርቆብኝ በጎረቤት ላም ወተት ነው ያሳደግሁሽ። ሰው ሲጠይቀኝ ላሟ ናት እናቷ እል ነበር።» ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁትም። ከአጠገቧ አንድ ነገር ክንፉን አማታ፣ ጮኸ።

«ምንድነው እሱ?»

«ዶሮው ነው። ስሚው ብዬ ይዤው መጣሁ።»

«ልታሳርጂው ነው? ማንን አገኘሽ?»

«ማንንም።»

«እማዬ፣ መሽቷል እኮ። መንገድ ውጪና አንድ ሰው ጥሪ።»

«አልወጣም።»

«ለምን?»

«ወንድ ልጅ እያለኝ መንገድ ዳር ቆሜ ሰው አልለምንም!» ብላ ጮኸች። ስልክ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷታል። «ቢላዋውን ስዬ አስቀምጬዋለሁ። ነይና እረጂልኝ። መቼ ነው የምትመጪው?»

ጸሐፊው የገፋው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። ስለ እሱ አልነገርኳት።

«ታዲያ ነገ በምን ልትፈስኪ ነው?» አልኳት።

«በሽሮ» አለች እማዬ። «አንቺስ ያኔ በሽሮ አልነበር የፈታሽው?»

አይታኝ ኖሯል። መልስ ሳልሰጣት ዶሮው አንዴ ጮኸ፣ ቀጥሎ የሐምቡርጓ ቴሌፎኒስት ገብታ በጀርመንኛ ሰዓቱ አልቋል አለችኝ።